እንባ የተከለከልኩበት ልምምድ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ቱሉ ዲምቱ ነፋሱ በርትቷል። ማታ ከትወና ልምምድ ስመለስ ከታክሲ ወርጄ እስከ ኮንዶሚኒየሙ ድረስ ተከናንቤ ነው የምሄደው።

ባለፈው በስልክ «ምን በድለሽው ነው እንዲህ የሚያንገላታሽ? ተይው ይሄን መምህር» ስትይኝ ካርዴ አለቀና ሳልመልስልሽ ቀረሁ። ነገሩ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

እኔ ማልቀስ እንደሚሆንልኝ ታውቂያለሽ። አዲስ አበባ መጥቼ ያገኘኋቸው ሚናዎችም ሁሉ ያው ናቸው። የተከዳች እጮኛ፣ ልጇ የሞተባት እናት። አዘጋጁ «አልቅሺ» ሲል እንባዬ ዱብ ዱብ ይላል። ሰው ያጨበጭባል። ትወና ማለት ይሄ ነው ብዬ አምኜ ነበር።

የአሁኑ መምህሬ ገና በሁለተኛው ሳምንት እንባ ከለከለኝ። የሰጠኝ ትዕይንት የመርዶ ነው። ሴትዮዋ ወንድሟ መሞቱን ሰምታለች። እናቷ ግን አልሰማችም። መርዶው የሚነገረው ሲነጋ ስለሆነ እስከዚያ መደበቅ አለባት። ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች፤ እናቷ ታወራታለች፣ እሷም ትመልሳለች። በቃ፣ ይሄው ነው። ዘጠኝ ጊዜ ሠራሁት፣ ዘጠኝ ጊዜ «እንደገና» አለኝ። አልጮኸብኝም፣ አልሰደበኝም። «ሰው እኮ የሚታገለው ለማልቀስ አይደለም፣ ላለማልቀስ ነው» አለኝ።

በአሥረኛው አንቺ ትዝ አልሽኝ። አጎቴ ያረፈ ጊዜ። አንቺ ማታውኑ ሰምተሽ ነበር። ለአያቴ እራት አቀረብሽላት። «ብዪ እንጂ» እያልሽ አጎረስሻት። እግሯን አጥበሽ አስተኛሻት። የጮኽሽው ጎህ ሲቀድ፣ ሽማግሎቹ በሩን ሲያንኳኩ ነው። እኔ በልጅነት ልቤ «እማዬ አላዘነችም ማለት ነው» ብዬ ነበር። ያ ሌሊት የገባኝ እዚህ አዳራሽ ውስጥ፣ ምስር ስለቅም ነው። እጄ ሰፌዱ ላይ ቆመ። የሚቀጥለው ቃል ከአፌ አልወጣ አለ። ጓደኞቼ ሁሉ ጸጥ አሉ።

እማዬ፣ በመጀመሪያው ዙር «ጎበዝ» ብሎ ቢያሳልፈኝ እዚያ አልደርስም ነበር። እንባዬ መደበቂያዬ ሆኖ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1898 የሞስኮ አርት ቴአትርን ከመሠረቱት አንዱ ስታኒስላቭስኪ፣ ተዋናይ ደጋግሞ የሚያወጣውን ያለቀለት ለቅሶና ያለቀለት ቁጣ «ማኅተም» ይለው ነበር። እንደ ቀበሌ ማኅተም ማለት ነው፤ ወረቀቱ ምንም ይሁን ምን ምልክቱ ያው ነው። የእኔ ማኅተም እንባ ነበር። ካልቀሙኝ በስተቀር በፈቃዴ አልጥለውም ነበር።

ሌላም ልምምድ አለን፣ ሳንፎርድ ማይስነር የሚባል አሜሪካዊ መምህር ያመጣው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ይቀመጣል። አንዱ «ቀይ ሹራብ ለብሰሻል» ይላል። ሌላዋ «ቀይ ሹራብ ለብሻለሁ» ትላለች። ያንኑ መመላለስ ነው። መጀመሪያ ይሰለቻል። በኋላ ግን የጓደኛሽ ዓይን ሲለወጥ ድምፅሽም ሳታስቢው ይለወጣል። ማስመሰሉ ያልቅብሻል።

የአንቺ ስጋት ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ከዚህ በፊት የተማርኩበትን ቦታ አልረሳሽውም። እዚያ የነበረው አሰልጣኝ በሰው ፊት «ይሄ ፊት ለመድረክ አይሆንም» ብሎኝ ስንት ቀን እንዳልበላሁ አይተሻል። ያ መፈተን አይደለም፣ ማዋረድ ነው። ከእሱ የተማርኩት መፍራት ብቻ ነው። ፈሪ ተዋናይ ደግሞ የሚያውቃትን አንዲት ነገር ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። የአሁኑ የሚፈትነው ሥራዬን ነው፣ እኔን አይነካም። ስወድቅም «ከየት ላይ ጠፋሽ?» ብሎ አብሮኝ ይፈልጋል።

ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሲያነብ ሥራ አቁመሽ ታዳምጪ እንደነበር ነግረሽኛል። ብዙ ሰው ተሰብስቦ የሚያነብ ይመስለኝ ነበር ብለሽኛል። አንድ ሰው ነበር እኮ! ሽማግሌውንም፣ ኮረዳዋንም፣ ባላባቱንም በአንድ ጉሮሮ። በሚሆንለት ነገር ብቻ ተወስኖ የቀረ ሰው እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። እኔም እንደዚያ መስፋት እፈልጋለሁ። ስለዚህ አልተወውም፣ እማዬ። አትዘኚብኝ።

ማክሰኞ ትዕይንቱን እንደገና እሠራዋለሁ። ካልከበደሽ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን ሌሊት አያቴ «ምነው ድምፅሽ ተዘጋ?» ስትልሽ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝቼ እሰማ ነበር። አንቺ የመለስሽላት ግን አልተሰማኝም። ምን ነበር ያልሻት? ከማክሰኞ በፊት ደውይልኝ።

ልጅሽ