«ቆባቸውን ቀደው የሚሰፉ» ስለተባሉት ተመራማሪዎች

ለተከበራችሁ የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በእሑድ እትማችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከሳይንስ፣ ከቴክኖሎጂና ከኢንተርኔት ዓለም እየለቀማችሁ የምታወጧቸውን አስገራሚ ወሬዎች ከፖለቲካውም ከስፖርቱም አስቀድሜ አነባለሁ። ባለፈው እሑድ በገጹ ላይ ከሰፈሩት ዐሥራ አንድ ወሬዎች ሦስቱ ስለ ቡና ነበሩና ደስ ብሎኝ ጀምሬ ቅር ብሎኝ ጨረስኩ። የመጀመሪያው፣ የፈሰሰ የቡና ጠብታ ሲደርቅ ጠርዙ ለምን እንደሚጠቁር ተመራማሪዎች ማጥናታቸውን በሦስት መስመር ከገለጸ በኋላ «ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል» በሚለው ተረት ተዘግቷል። ጠርዙ ለምን እንደሚጠቁር ግን አልተነገረንም።

ጋዜጣውን ያነበብኩት አራት ኪሎ፣ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ካለ የጀበና ቡና መሸጫ ተቀምጬ ነው። ቡና የምትቀዳልን ልጅ ስኒውን ስታቀብለኝ ጥቂት ጠብታ በረከቦቱ ልሙጥ ገጽ ላይ ወደቀ። ጨርቅ አንስታ «ይቅርታ ጋሼ፣ ልጥረገው» ስትል «ተዪው ልጄ፣ ይድረቅ» አልኳት፤ ሳይሰማኝ የጃጀሁ ሳይመስላት አልቀረም። አቦሉን ጠጥቼ ቶናው እስኪደርስ ጠብታው ደረቀ። መሐሉ እንደ ቀጭን ሻይ ፈዝዞ፣ ዙሪያው ግን በስስ ብዕር የተሰመረ ይመስል ጠቁሮ ነበር።

ለዚህ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተባለው መጽሔት ላይ ምክንያቱን አስቀምጠዋል። ሰው እንዲያው ሲገምት ጠብታው እየደረቀ በሄደ ቁጥር ወደ መሐል የሚሰበሰብ ይመስለዋል፤ እንዲያ ቢሆን ግን ዝቃጩ የሚከማቸው መሐል ላይ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ የጠብታው ጠርዝ ካረፈበት ገጽ ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ውሃው ደግሞ ከሌላው ክፍል ይልቅ ከጠርዙ በኩል ፈጥኖ ይተናል። ጠርዙ መሸሽ ስለማይችል፣ በትነት የጎደለውን ለመተካት ከመሐል ወደ ዳር ፈሳሽ ይጓዛል፤ ይህ ፈሳሽ የቡናውን ደቃቅ ቅንጣቶች ተሸክሞ ይመጣና ውሃው ተንኖ ሲሄድ ሸክሙ ዳር ላይ ይቀራል። ጥቁሩ መስመር ይኸው ነው።

ለረጅም ዓመታት ማተሚያ ቤት የሠራሁ ሰው በመሆኔ ነገሩ ለእኔ ቀልድ አይደለም። ብዙው የኅትመት ቀለም በፈሳሽ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ቅንጣት ነው፤ ቀለም እየረጨ የሚያትም የኢንክጄት ማሽን የሚጥለው ነጥብ ዳሩ ብቻ ጠቁሮ መሐሉ ቢነጣ ሥራው ተበላሸ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ክብ ቅንጣቶችን በሞላላ ቢተኳቸው ቀለበቱ እንደሚጠፋ አሳይተዋል፤ ሞላላዎቹ በፈሳሹ ገጽ ላይ እርስ በርስ ስለሚያያዙ ወደ ዳር ተጠራርገው አይሄዱም። በረከቦት ላይ የጀመረ ጥያቄ እስከ ማተሚያ ማሽን ከዘለቀ፣ ቆቡ ሲሰፋ የዋለው ለጭንቅላት ነው።

ሁለተኛው ወሬ በኢንተርኔት የታየችውን የመጀመሪያዋን ካሜራ የሚመለከት ሲሆን፣ ባለቤቶቿ «ከወንበራቸው መነሣት የሰለቻቸው ፈረንጆች» ተብለዋል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒዩተር ቤተ ሙከራ ውስጥ ብዙ ሰው በአንድ የቡና ማሽን ይጠቀም ነበርና፣ ከሌላ ፎቅ ደረጃ ሲወርዱና ሲወጡ የደከሙት ባዶ ማሰሮ ይጠብቃቸው ጀመር። ስለዚህ ካሜራ አዙረውበት፣ ጥቁርና ነጭ የሆነች ደብዛዛ ምስል በውስጥ መረባቸው ወደ እያንዳንዱ ጠረጴዛ እንድትደርስ አደረጉ። በ1993 ምስሏ ወደ ዓለም አቀፉ ድር ወጣች፣ በ2001 ካሜራዋ ስትጠፋም ማሰሮው በጨረታ 3,350 ፓውንድ አወጣ። የገዛው ዴር ሽፒገል የተባለው የጀርመን መጽሔት ነው። ባዶ ጀበና ደርሶበት የተመለሰ ሰው ስንፍና የሚላቸው አይመስለኝም።

ስለ ሦስተኛው ብዙ አልልም። «418» የተሰኘውን የኢንተርኔት የስሕተት መልእክት እውነተኛ ብልሽት አስመስላችሁ አቅርባችኋል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1998፣ በእኛ መጋቢት 23 ቀን 1990፣ ለአፕሪል ዘ ፉል ተብሎ የወጣ ቀልድ ነው። ቡና እንዲያፈላ የታዘዘ ዕቃ «እኔ የሻይ በራድ ነኝ» ብሎ እንዲመልስ የተጻፈ መመሪያ ነው። ቀልዱን እንደ ቁም ነገር አክብራችሁ፣ ጥናቱን ቀልድ አድርጋችሁታል።

ሦስት የቡና ወሬ ስታወጡ ለእኛ ቅርብ የሆነውን አራተኛውን ማለፋችሁም አስገርሞኛል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 «ዓረቢካ» ብሎ የሰየመው፣ መገኛው ግን የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደን የሆነው ቡናችን የሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች ድቅል ነው፤ ለዚህም ነው ዘመዶቹ 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው እሱ 44 የያዘው። ማዳቀሉን የፈጸመው ሰው ሳይሆን ተፈጥሮ ራሷ ናት፤ ይህም የሆነው ከመቶ ሺዎች ዓመታት በፊት ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ዐሥራ አንዱን ወሬ አራት አድርጉትና በተረፈው ቦታ «እንዴት?» ለሚለው ጥያቄ መልስ አትሙበት። አንባቢ ይሸሻል የሚል ስጋት ካላችሁ፣ ስለ ጠብታው ካስረዳኋት በኋላ ቡና የምትቀዳልን ልጅ የጠየቀችኝን ልጻፍላችሁ። «ጋሼ፣ ድሬዳዋ እያለሁ ባቄላው ቶሎ ይበስልልኝ ነበር፤ እዚህ ግን ከሰል ይጨርስብኛል። ባቄላው ነው ወይስ እኔ ነኝ?» አለችኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ መሆኑን፣ ስለዚህም ውሃው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ፈልቶ ከዚያ በላይ እንደማይሞቅ፣ ቆላማዋ ድሬዳዋ ላይ ግን ይበልጥ ግሎ እንደሚፈላ ነገርኳት። ጥቂት አስባ «ታዲያ ክዳኑን አጥብቄ ብገጥመውስ?» አለች። ስለ ግፊት ድስት አሠራር ያለውን መልስ ለሚቀጥለው እሑድ ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ
ከአራት ኪሎ፣ አዲስ አበባ