ጀርባውን ሳታነብ እንዳትሰካው

ደብረ ማርቆስ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ፣

ለጤናህ እንደምን አለህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ዝናቡ ግን መውጫ መግቢያ አሳጥቶናል። ጉልበቴም ክረምት ሲገባ እንደ ልማዷ ነች።

በስልክ ልነግርህ አስቤ ነበር። አንተ ስልክ ላይ "እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ" ትላለህ፤ ስትዘጋው ትረሳዋለህ። ስለዚህ ጻፍኩት። እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች። እንዳትቆጣት፣ ያፋጠጥኳት እኔ ነኝ። ማታ ቤታችሁ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፣ ዲቫይደሩ ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ተጣበቀ፣ ሕፃኗ እዚያው ክፍል ተኝታ ነበር አለችኝ። እውነት ነው? አንድ ዲቫይደር ላይ ፍሪጅ፣ ቴሌቪዥን፣ ቻርጀር፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ምጣድ! የፊዚክስ አስተማሪ ልጅ!

ምጣዱን 3500 ዋት ነው እንበል። ለ220 ቮልት አካፍለው። ወደ 16 አምፔር ይመጣልሃል። ከሰፈር ሱቅ ያነሳኸው ዲቫይደር 10 አምፔር ከቻለ ጎበዝ ነው። ምጣድ ከግድግዳ ሶኬት፣ ብቻውን። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ ስትገቡ ለምጣድ የተዘረጋውን ወፍራም መስመር በእጄ አሳይቼሃለሁ። አሁን ሶፋ ጋርዶታል አሉ። ሶፋውን አንሳው። ነገ አይደለም፣ ዛሬ።

አሁን ወደ ጻፍኩበት ጉዳይ ልምጣ። አክስትህ ይህን ሰምታ ከሜሪላንድ ሰርጅ ፕሮቴክተር፣ ማለት ድንገት ከሚመጣ የቮልት ምት ዕቃህን የሚከላከል ዲቫይደር፣ በሰው ልካልሃለች። እግዜር ይስጣት፣ የእሷ ነገር መቼም እንዲህ ነው። ግን ጀርባውን ሳታነብ እንዳትሰካው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ ዕቃቸው ላይ ብዙ ጊዜ 125 ቮልት ተብሎ ይጻፋል። ውስጡ ቫሪስተር የምትባል እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ነገር አለች። ቮልቱ ልኩ ላይ እስካለ ዝም ትላለች። ከልኩ ሲያልፍ ትርፉን በራሷ በኩል ታሳልፋለች፣ ቴሌቪዥንህ ይተርፋል። ታዲያ ለ120 የተሠራችዋ የእኛን 220 ስታገኝ እሱ ራሱ ከልክ ያለፈ ይሆንባታል። ማሳለፍ ጀምራ አታቆምም። ትግላለች፣ ትፈነዳለች፣ እሳትም ልታስነሳ ትችላለች።

"አዳፕተር አደርግበታለሁ" እንዳትለኝ። አዳፕተር የሚለውጠው እግሩን ነው፣ ቮልቱን አይነካውም። የላፕቶፕና የስልክ ቻርጀር ሌላ ነው፤ አብዛኛው 100-240 ስለሚል እዚህም እዚያም ይሠራል። ይሄኛው ግን ጀርባው ይነበብ። 125 ካለ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠው። ለአክስትህ አትንገራት እላለሁ እኔ። እናትህ ደግሞ ካልነገርካት ሌላ ትልካለች ትላለች። እንደ መሰለህ አድርግ።

ከዚያው ግዛ። መርካቶም ሄደህ ቢሆን፣ ሻጩ "ኦሪጅናል ነው" ሲልህ ጀርባውን ገልብጠህ አንብብ። 220 ወይም 250 ቮልት ይበል። ጁል የሚል ቁጥር ፈልግበት፤ ምን ያህል የምት ጉልበት መዋጥ እንደሚችል የሚነግርህ እሱ ነው። ለቴሌቪዥንና ለኮምፒውተር ከ1000 ጁል በላይ ቢሆን ደስ ይለኛል። ጁል ካልተጻፈበት፣ የቱንም ያህል ቀይ መብራት ቢያበራ፣ የገዛኸው ዲቫይደር ነው። ደግሞ ይህ ዕቃ ያልቃል። አንድ ከባድ ምት ወይም ብዙ ትናንሽ ምት ከቀመሰ በኋላ መከላከሉን ትቶ መብራት ብቻ እያሳለፈ ይቀጥላል። መከላከያው መሥራቱን የምታሳይ የራሷ መብራት ያለችውን ምረጥ። ስትጠፋ ቀይረው።

ሶኬቱ ጎን ያሉት ሁለት ብረቶች ለጌጥ አይደሉም። ከኋላቸው የምድር ሽቦ መታሰር አለበት። ታስሮ እንደሆነ ኤሌክትሪሺያን ጠርተህ አስፈትሽ። ራስህ እንዳትከፍተው!

ለፍሪጁ ሰርጅ ፕሮቴክተር ብቻውን አይበቃም። ፍሪጅን የሚገድለው የመብራት መውረድና ሄድ መለስ ማለት ነው። ኮምፕረሰሩ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋ እንደገና ተነሳ ሲባል ይጨነቃል። መብራት ሲመጣ 3 ወይም 5 ደቂቃ አቆይቶ የሚለቅ መከላከያ አለ፣ እሱን ግዛለት። እስክትገዛ መብራት ሲሄድ ንቀለው። ነጎድጓድ ሲመጣ ደግሞ ሁሉንም ንቀል፣ የዲሹን ገመድ ጭምር። መብረቅ ቅርብ ከወደቀ ሰርጅ ፕሮቴክተር ምን አቅም አለው?

ያን ቴሌቪዥን ታስታውሰዋለህ? ከዕቁቡ የገዛሁትን፣ ባለ 21 ኢንቹን? ይህን ስጽፍ ትዝ አለኝ ብልህ ውሸት ነው፤ ረስቼው አላውቅም። 1996 ነበር፣ አምስተኛ ክፍል ነበርክ። ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቦ ዜና ያያል። መጀመሪያ አምፖሉ ነጣ፣ እንደ ፀሐይ። ከዚያ ቴሌቪዥኑ ጧ አለና ከጀርባው ጭስ ወጣ። አንተ ድምፅ ቀንስ ብዬህ አጠገቡ ቆመህ ነበር። እጅህን ቁልፉ ላይ አየሁት። ምንም አልጠየቅኩህም። በጥፊ መታሁህ፣ በሰው ፊት። "አልነካሁትም" አልክ። ደገምኩህ።

በሦስተኛው ቀን ኤሌክትሪሺያን መጣ። ምሰሶው ላይ ኒውትራሉ፣ መመለሻው ሽቦ፣ ተላቆ ነበር። ሦስት ፌዝ፣ ማለት መብራት የሚያመጡ ሦስት ሽቦዎች፣ ባሉበት መስመር ኒውትራል ሲላቀቅ 220 ያለው ቤት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል። ይህንኑ እኮ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየሣልኩ ነው ልጆች ያስተማርኩት! የነእትዬ ራዲዮም ያን ማታ ተቃጥሎ ኖሯል። ሰማሁና ዝም አልኩ። ለእናትህም አልነገርኳት። አንተ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥን ከመክፈትህ በፊት እጅህን ሱሪህ ላይ ትጠርግ ነበር። እያየሁ እንዳላየ አልፍ ነበር።

አንተ አይደለህም ያቃጠልከው ልጄ። ይህን ማለት የነበረብኝ ያኔ ነው። ይቅር በለኝ።

እንዲያ ያለውን የቮልት መብዛት ሰርጅ ፕሮቴክተር አይመልሰውም፤ እሱ የተሠራው ለቅጽበት ምት ነው። ለዚያ፣ ከብሬከሩ ጎን የሚገጠም፣ ቮልት ሲበዛም ሲያንስም ራሱ የሚቆርጥ ዕቃ አለ። የምድር ሽቦውን የሚያየው ሰው ሲመጣ አብሮ ይግጠምልህ። ብር ካጠረህ ንገረኝ፣ የጡረታዬ ቀን ደርሷል።

እናትህ ሽሮና በርበሬ በሚኒባስ ልካለች፣ ቅዳሜ ጠዋት ተቀበል። ስልክህን አታጥፋ። የአክስትህን ዕቃ ግን ገና እንዳትሰካው። ገልብጠህ ጀርባውን ፎቶ አንሳና ለእህትህ በቴሌግራም ላክላት። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ እኔ አላየውም፣ እሷ ታነብልኛለች። የሕፃኗንም ፎቶ ጨምርበት።

አባትህ