ፖሊፕ ሲነኩት ብቻ የሚንቀሳቀስ ፍጥረት አይደለም

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ በሳይንስ ዓምድ ስለ ሥርዓተ ነርቭ የወጣውን ጽሑፍ በጉጉት አነበብኩት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ስለማስተምር፣ እንዲህ ያለ ጽሑፍ በአማርኛ ሲወጣ ቆርጬ ክፍል ውስጥ አነበዋለሁ። በዚህኛው ግን አንድ ነገር ሳይታረም እንዲያልፍ አልፈልግም። የባሕር አኔሞንና መሰል ፖሊፖች (ታችኛው ጫፋቸው አንድ ነገር ላይ ተጣብቆ የሚኖሩ ለስላሳ የውኃ እንስሳት) አንጎል ስለሌላቸው፣ ሲነኳቸው ከመኮማተር በቀር ሌላ ነገር አያውቁም ይላል። ይህ ስሕተት ነው።

አንጎል እንደሌላቸው እውነት ነው። በምትኩ መላ አካላቸውን ያዳረሰ የነርቭ መረብ አላቸው። በመረቡ የሚያልፈውም እንደ እኛው ነርቭ የኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ምልክቱ ጡንቻው ዘንድ ደርሶ ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ የካምብሪጁ የእንስሳት ተመራማሪ ካርል ፓንቲን እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመውን ሥራ ማየት ይበቃል።

ፓንቲን የመረመራት ካሊያክቲስ የምትባል አኔሞን ናት። ብዙውን ጊዜ ሸርጣን የሚኖርበት የቀንድ አውጣ ቅርፊት ላይ ተጣብቃ ትገኛለች። በቀላል ኤሌክትሪክ አንድ ጊዜ ሲነካት ምንም አልሆነችም። ኃይሉን ቢጨምርም ለውጥ አልነበረም። ሦስት ሰከንድ ገደማ ሳያልፍ ሲደግማት ግን በላይኛው ጠርዟ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ተኮማተረ። ሦስተኛውና አራተኛው ሲከተሉ መኮማተሩ እየበረታ ሄደ፤ ምልክቶቹ በተቀራረቡ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ በረታ። ሁለተኛው ከዘገየ ግን እንደ መጀመሪያው ያለ ውጤት ይቀራል።

እዚህ ላይ የሚወስነው የምልክቶቹ ብዛትና በመካከላቸው ያለው ጊዜ ነው። የመጀመሪያው ምልክት ጡንቻውን ባያንቀሳቅሰውም መንገዱን ለተከታዩ ያመቻቻል፤ ውጤቱም ለጥቂት ሰከንዶች ይቆያል። የእኛም ነርቮች ብርቱና ደካማ ስሜትን የሚለዩት በአመዛኙ ምልክት በመደጋገም ነው።

ለተማሪዎቼ ይህን በጭብጨባ አሳያቸዋለሁ። አንድ ጊዜ ሳጨበጭብ ማንም አይንቀሳቀስም። ቶሎ ከደገምኩ የፊት ረድፍ ጡጫውን ይጨብጣል፣ ስሠልስ ሁለተኛው ረድፍ ይከተላል። ሆን ብዬ ስዘገይ እጃቸው ሊጨበጥ ተዘጋጅቶ ሳለ ራሳቸውን ሲገቱ ማየት ደስ ይላል። ከዚያ በኋላ ስለ ጊዜ ልዩነቱ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሲነኳቸው ብቻ የሚለውም አያስኬድም። እ.ኤ.አ. በ1950 ፓንቲንና ኤልዛቤት ባተም ሜትሪዲየም የተባለችውን አኔሞን ሲከታተሉ፣ ማንም ሳይነካት ጡንቻዎቿ በየተራ ሲኮማተሩና ሲላሉ መዝግበዋል። እንቅስቃሴው እጅግ ዝግተኛ ስለሆነ በዓይን ለሚያያት ዝም ብላ የቆመች ትመስላለች። አጥንት ስለሌላት ቅርጿን የምትለውጠው በሆድቃዋ ያለውን ውኃ ተመርኩዛ ነው፤ ዙሪያውን የከበቡት ጡንቻዎች ሲጨብጡት ትረዝማለች፣ ቁመቱን የተከተሉት ሲሰበሰቡ ታጥራለች። በካሊያክቲስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ከነርቭ መረቡ እጅግ የዘገዩ ሌሎች ሁለት የምልክት መንገዶች ተገኝተዋል። አንደኛው የእግሯን መጣበቂያ ከተቀመጠችበት ያላቅቀዋል፤ ወደ ሸርጣኑ ቅርፊት ለመሻገር የሚያስፈልጋትም ይኸው ነው። ይህን ሁሉ የምታደርግ እንስሳ መኮማተር ብቻ ታውቃለች ተብሎ ለወጣቶች መጻፉ ያሳዝነኛል።

የዓምዱ ቀጣይ ክፍል ስለ ልብ ምት እንደሚሆን ገልጻችኋል። የልብ ጡንቻም ከውጭ ማንም ሳያዘው በራሱ ምት ይኮማተራልና፣ አዘጋጁ ከዚህች አኔሞን ቢጀምሩ ለአንባቢ ይቀለዋል ብዬ አምናለሁ። እርማቱንም እዚያው አብራችሁ እንድታወጡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የባዮሎጂ መምህር፣ ከደሴ