ለሳቂታዋ፣ ከደሴ

ደሴ፣ ጥር 2 ቀን 2017

አንቺዬ፣

እንደምን ከረምሽ ብዬ ብጀምር ትስቂብኛለሽ። ሦስት ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ እንደ ትናንት ሰው ሰላምታ ልደረድርልሽ? በ2014 ከከተማው በእግር ስንወጣ ደጋግመሽ ደውለሽልኝ እንደነበር ያየሁት ከተመለስን በኋላ ነው። ነገ እደውላለሁ ስል ቆየሁ፤ ሲቆይ ደግሞ አፈርኩ፤ ከዚያማ እፍረቱ እፍረት እየወለደ ሄደ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ። ልጆቹ ደህና ናቸው፣ እናቴን ጉልበቷን ያማታል እንጂ አለች፣ ጣሪያውም ታደሰ። ወሬው ይኸው ነው። አሁን ቁጭ በይና አንብቢ።

ቀጭኔን አገኘኋት።

አዎ፣ ቀጭኔን። አልሞተችም። ነፍስ ይማር ብለን በልባችን የቀበርናት ሰው በሕይወት አለች፤ ያውም እዚሁ አፍንጫችን ሥር።

ከገና በፊት የእህቴን ልጅ ልቀበል ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ ወርጄ ነበር። ደሴን ጉም ውጧታል፣ ጦሳ የለም። እኔ ሁለት ሹራብ ደርቤ፣ ሐረጎን ጨርሰን ስንወርድ ፀሐይ! በረራው ዘገየ ሲሉኝ ቡና ልጠጣ መንገድ ዳር ካለች አንዲት የላስቲክ ዳስ ገባሁ። ሴትዮዋ አየችኝና ወደ ጀበናዋ ተመለሰች። ከዚያ ዝም ብላ ቆይታ፣ «አሁንም ከበሮ ታፈጥኛለሽ?» አለችኝ።

ቅንድቧ ላይ ያ ጠባሳ ባይኖር አልለያትም ነበር። ወፍራለች፤ ቀጭኔ ብሎ መጥራት አሁን ስድብ ነው የሚመስለው። እኔ ቆሜ ቀረሁ። እሷ ዱካውን በእግሯ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው፣ ሲኒውን ለቅልቃ ከንፈሩን በንጹሕ ጨርቅ ጠረገችና ቀድታ ዘረጋችልኝ።

ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለንስሐ አባቴም ገና ነኝ። እጄ ቆመ። ኤች አይ ቪ በሲኒ እንደማይተላለፍ አውቃለሁ፤ ትንሹ ልጄ እንኳ ከትምህርት ቤት መጥቶ የሚያስረዳኝ ነገር ነው። እኔ ባውቅም እጄ አላወቀም። ዓይን እስኪርገበገብ ያህል ነው፤ ግን አየችው። ከዚያ ይዤ አንዴ ገለበጥኩትና ምላሴን ተቃጠልኩ። «ቀስ በይ፣ ማን ያባርርሻል» አለችና ሳቀች። ያው ሳቋ።

የ1996ቱን ጥምቀት እንዳልረሳሽው አውቃለሁ። የማውቀውም አንድም ቀን አንስተሽው ስለማታውቂ ነው። ካህኑ ውኃውን ሲረጩ ሦስታችንም እንደ ልማዳችን ተጠጋግተን ቆመናል። ከእሷ ጥለት ጫፍ ውኃ ተንጠባጥቦ ነጠላዬ ላይ አረፈ፤ ሰብሰብ አደረግኩት። በቃ፣ ነጠላ ሰበሰብኩ። አንቺ ደግሞ ከመሃላችን ወጥተሽ በወዲያኛው ጎኔ ዞርሽ። በዚያው ጠዋት እኮ ዳዊቱን፣ ባሕር አይታ ሸሸች፣ ዮርዳኖስም ወደ ኋላው ተመለሰ የሚለውን ዘምረነው ነበር። ወንዙስ ፈጣሪውን አይቶ ደንግጦ ነው። እኛ ምን አይተን ነው የሸሸነው?

ከዚያ የመዝሙር ልብሱን መልሺ ተባለች። «ተባለች» እላለሁ ደግሞ! ቤቷ ድረስ ሄደን የነገርናት እኔና አንቺ ነን። በማግስቱ አጥባ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ በፌስታል ላከችው። ማንም አልለበሰው። የት እንደደረሰ አንቺም ታውቂያለሽ እኔም አውቃለሁ፤ እዚህ ላይ አልጽፈውም።

መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በዓመቱ፣ በ1997 ጥር ነው። እሷም ብዙ ሳትቆይ ጀመረች። አሁን ቫይረሱ በምርመራ አይታይም ብለዋታል፤ ሴት ልጅም ወልዳለች፣ ልጅቷ ነጻ ናት። ይህን ሁሉ የምትነግረኝ ስኳር እያማሰለች ነው፣ የሰው ወሬ እንደምታወራ።

ያን ጊዜ ያስጠጋቻት አንዲት ሙስሊም እናት ናቸው፤ ግቢያቸው ውስጥ አንድ ክፍል ሰጥተዋት። እኛ ወሎዬ ነን፣ ሰደቃውንም ተዝካሩንም አብረን ነው የምንበላው እያልን እንፎክር የለ? እሳቸው ሳይፎክሩ አጥሚት በማንኪያ እያጎረሱ አስታመሟት። መነሳት ባቃታት ዓመት ለከተራ ነጠላዋን ያጠቡላትና ደጃፍ ድረስ ደግፈው ያወጧት እሳቸው ናቸው፤ ታቦቱ ሲያልፍ ከሩቅ እንድታይ። አምና አረፉ። ለቅሶውንም አልደረስን።

በገና ሌሊት አንድ ወጣት ሰባኪ ቆሞ ነበር (እንቅልፍ እያዳፋኝ ነበር፤ አትፍረጂብኝ)። ሄሮድስ የካህናት አለቆችንና ጸሐፍትን ሰብስቦ ክርስቶስ የት ይወለዳል ብሎ ሲጠይቃቸው ሳይንተባተቡ በይሁዳ ቤተልሔም አሉት፤ ሚክያስን ጠቅሰው። መልሱ ትክክል ነው። ግን ከመካከላቸው ተነስቶ የሄደ የለም። ሰብአ ሰገል ኮከብ ተከትለው ከምሥራቅ ያን ሁሉ መንገድ ሲመጡ፣ ጥቅሱን በቃላቸው የያዙት እዚያው ተቀምጠው ቀሩ። ከኢየሩሳሌም ቤተልሔም እኮ 10 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው አለ። እንቅልፌ ጠፋ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለሠርግ ወርጃለሁ፣ ለለቅሶ ወርጃለሁ፣ ጨርቅ ረከሰ ሲሉኝ ወርጃለሁ። 21 ዓመት ሙሉ ግን ያቺ ልጅ የት ገባች ብዬ አንድ ሰው አልጠየቅኩም።

እኔን ታውቂኛለሽ። ጾም አልገድፍም፣ ማኅሌት አያመልጠኝም፣ ከታቦቱ ፊት የምቆምበት ቦታዬ የታወቀ ነው። ሃይማኖቴ እንደ አሮጌ ጋቢ ለምዶኛል፤ ይሞቀኛል፣ ደግሞም አይቆረቁረኝም። አስተርእዮ መገለጥ ነው እያሉ በየዓመቱ ያስተምሩናል። ዘንድሮ የተገለጥኩት እኔ ሆንኩ፣ ያውም በአንድ ሲኒ ቡና።

ኧረ ዋናውን አልነገርኩሽም። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው እንጂ እስካሁን እጽፈው ነበር።

ልሄድ ስነሳ «ሳቂታዋስ?» አለችኝ። አለች፣ አዲስ አበባ ናት አልኳት። «ታስታውሰኛለች?» አለች። እኔም «ምን ማለትሽ ነው፣ በተገናኘን ቁጥር እናነሳሻለን» ብዬ ቁጭ። አንቺዬ፣ አንድም ቀን አንስተናት አናውቅም! ለራሴ መዋሸቴ ሳያንስ ላንቺም ዋሸሁልሽ። እሷ ግን አመነችኝ፤ ወይም ያመነች መሰለች፤ የትኛው እንደሚብስ አላውቅም። «እንግዲያው ለጥምቀት ይዘሻት ነይ» አለች። «ግን ከፊት ቦታ የለኝም፤ እኔ ከሰዉ ሁሉ ኋላ ነው የምሄደው፣ ለምጄዋለሁ።»

እና ነይ። ላዝዝሽ አልችልም፤ ሦስት ዓመት የጠፋ ሰው በምን አፉ ያዝዛል። ግን ብቻዬን ብሄድ ውሸቴን ይዤ ነው የምሄደው። ጥር 10 እዚህ ከበሮ እንድመታ ተመድቤያለሁ፤ እንደማልገኝ እስካሁን ለማንም አልተነፈስኩም። ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ሆዴ ይንቦጫቦጫል፤ በዚህ ዕድሜዬ! ምን እንደሚሉማ አውቃለሁ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እል ነበር።

አዲስ ቀሚስ አሰፍተን ብንወስድላት ብዬም አስቤ ነበር። አንቺ ልኳን ታውቂዋለሽ፣ ማለቴ የድሮውን። ተውኩት። ልብስ ሰጥተን ተገላገልን ብለን ልንተኛ ነው? ባዶ እጃችንን ሄደን ትታዘበን። ቡና እንኳ እኛ አንገዛም፤ እሷ ታፍላልን።

መንገዱ ካስፈራሽ በአውሮፕላን ነይ፤ ጥር 9 ከሆነ እዚያው ኮምቦልቻ እቀበልሻለሁ። ወፍራም ልብስ አትሸከሚ፣ እንደ ደሴ አይበርድም፤ ለሌሊቱ አንድ ጋቢ ይበቃናል። ካልመጣሽም አልመጣም በዪኝ፤ ብቻ እንደኔ ዝም አትበይ። ስልኬ ያው የድሮው ነው።

ሦስት ሲኒ አቀርባለሁ ብላለች። ቡናዋ ይፋጃል፤ ምላስሽን ጠብቂ።

ከበሮ አፍጣኟ