ለጣና ዓሦች ቤት ስንሠራ፦ ግልጽ ደብዳቤ ለአማራ ክልል መንግሥትና ለባሕር ዳር ከተማ አስተዳደር

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ባሕር ዳር የሄደ ሰው ሁሉ የጣናን ዓሣ ቀምሷል። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ ጥብሱን በአዋዜ እያጣቀሰ ይበላል። በሕይወት እያለ ሲዋኝ ያየው ግን ስንቱ ነው?

የምጠይቃችሁ ይሄን ነው፤ የጣናን የውኃ ሕይወት ለሕዝብ የሚያሳይ፣ የሚያጠናና የሚጠብቅ ክልላዊ ማዕከል ባሕር ዳር ላይ ይሠራ። ባሕር የለንም ብለን የምንተወው ጉዳይ አይደለም። ነጭ ዓሣን ብቻ ውሰዱ። ለእኛ ሁሉም አንድ ይመስለናል፣ ተመራማሪዎች ግን ጣና ውስጥ 15 ዝርያ ለይተዋል፤ አብዛኞቹም ሌላ የትም አይገኙም። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከታች ያለ ዓሣ ወጥቶ አይቀላቀላቸውም፣ እዚሁ ተዘግተው እዚሁ ነው የተለያዩት። አንዱ አፉ ወደ ታች የዞረ ነው፣ ከመሬት እየለቀመ ይበላል። ሌላው አፈ ሰፊ አዳኝ ነው። 8ቱ ዝርያዎች ዓሣ እያደኑ ይኖራሉ፣ ያውም መንጋጋቸው ላይ አንድ ጥርስ ሳይኖር! ልጆቻችን ይሄን በመስታወት ፊት ቆመው ማየት አለባቸው።

ስለዚህ እባካችሁ ገንዳዎቹን ከውጭ በመጡ ባለቀለም ዓሦች እንዳትሞሏቸው። መጤ ነገር ሐይቁ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሆን እምቦጭ በደንብ አሳይቶናል፤ ስንት ገበሬ ወገቡ ድረስ ውኃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከርሟል። የሕንፃው ፍሳሽ ሳይጣራ ጠብታ እንኳ ወደ ጣና አይግባ። ደንገሉን መንጥራችሁም አትገንቡ። ደንገል ደለል ያስቀራል፣ ለትንንሾቹ ዓሦች መደበቂያ ነው፣ ለታንኳ ሠሪውም እንጀራው ነው።

ዋናው ሥራ ግን ከከተማው ውጭ ነው። ክረምት ሲገባ ብዙዎቹ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች ከሐይቁ ወጥተው እንደ ጉማራ ባሉ ወንዞች ሽቅብ ይሄዳሉ፣ ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ሊጥሉ። ወንዙ ሐይቁን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ደግሞ መረብ ይጠብቃቸዋል። እንቁላል የተሸከመችው ሳትጥል ትያዛለች። ጠጠሩና አሸዋውም ለግንባታ እየተጫነ ይሄዳል። እንዲህ እየሆነ ከተማ ውስጥ የሚያምር ሕንፃ ብንሠራ፣ የምናሳየው ዓሣ ራሱ ሊጠፋብን ነው።

ስለዚህ ጉማራ ላይ የማዕከሉ ትንሽ ጣቢያ ይኑር፣ ሠራተኞቹም ዓሣ አስጋሪዎቹ ይሁኑ። በመራቢያ ወቅት መረብ አትጣል ማለት ቀላል ነው፣ ግን እነዚያን ወራት ሰውየው ልጆቹን ምን ያብላ? ሌሊት ተደብቆ ይጥላል እንጂ አይተውም፣ እኔም አልፈርድበትም። ማዕከሉ በእነዚያ ወራት ደመወዝ ይክፈለው። የሚወጣውን ዓሣ ይቁጠር፣ ወንዙን ይጠብቅ፣ እንግዳ ያስጎብኝ። የትኛው ዓሣ መቼ እንደሚወጣ ከእሱ በላይ ማን ያውቃል? ለሳይንሱም ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የዓሣ ምርምር ማዕከሉም እዚያው ናቸው።

ጣና ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ነው፤ ከስሙ ጋር የሚመጣጠን ሥራ ይገባዋል። ንድፉ ከመጽደቁ በፊት ለሕዝብ ይውጣ። የመጀመሪያውን ውይይት ከሆቴል አዳራሽ አውጡትና አስጋሪዎቹ መረባቸውን በሚጠግኑበት ዳርቻ አድርጉት፣ ከተቻለም ሐምሌ ሳይገባ፣ ዓሦቹ ወደ ወንዝ መውጣት ሳይጀምሩ።

ከአክብሮት ጋር