ለሕክምና ትምህርት ለሚዘጋጁ ወገኖቻችን

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ፣

እዚህ አሜሪካ በሌላ ሙያ ተመርቀው ወደ ሕክምና ለመግባት ስለሚጥሩ ወገኖቻችን ያወጣችሁትን ጽሑፍ በደስታ አነበብሁ። ሆኖም ጽሑፉ ፖስት ባካሎሪያት የሚባለውን፣ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚወሰደውን የቅድመ ሕክምና መርሐ ግብር፣ የመግቢያ ዋስትና አስመስሎ ማቅረቡ አሳስቦኛል። በዚህ መንገድ ሦስት ዓመት ስላሳለፍሁ፣ ገንዘብና ጊዜ ከመባከኑ በፊት መታወቅ የሚገባውን ለአንባቢዎቻችሁ ማካፈል እፈልጋለሁ።

መርሐ ግብሩ የሚያገለግላቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። በአካውንቲንግ ወይም በሕግ ተመርቆ የሳይንስ ኮርስ ጨርሶ ላልወሰደ ሰው፣ ባዮሎጂን፣ ጄኔራልና ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን፣ ፊዚክስን ከነቤተ ሙከራቸው በቅደም ተከተል የሚያስወስድ ተቋም ትልቅ እርዳታ ነው። ኮርሶቹን ወስዶ ውጤቱ ዝቅ ያለበት ሰው ግን የሚጠብቀው ሌላ ነው። የአብዛኞቹን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ማመልከቻ ተቀብሎ የሚያጣራው አምካስ፣ አንድ ኮርስ ሲደገም አሮጌውን ውጤት አይሰርዝም፤ ሁለቱንም ይደምራል። በ120 ክሬዲት 2.8 አምጥቶ የተመረቀ ሰው፣ ተጨማሪ 30 ክሬዲት ወስዶ በሁሉም ኤ ቢያመጣ እንኳ አጠቃላይ ውጤቱ የሚደርሰው 3.04 ነው።

እኔ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪን ስደግም ያማከሩኝ ሰው፣ አሮጌው ሲ ይሰረዛል ብለውኝ ነበር። ሌሊቱን በአረጋውያን መጦሪያ በነርስ ረዳትነት ሠርቼ፣ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር ቤተ ሙከራ እየገባሁ ያገኘሁት ኤ፣ ከዚያው ሲ ጋር ተደምሮ ሳየው የተሰማኝን ኀዘን ዛሬም አልረሳውም። እርግጥ ነው፣ ከምረቃ በኋላ የተወሰዱት ኮርሶች ውጤት ለብቻውም ስለሚሰላ መሻሻሉ ለመራጮቹ ይታያል። ስለዚህ ሲ ያገኘ ሰው ያንኑ ኮርስ ከሚደግም ይልቅ እንደ ባዮኬሚስትሪና ፊዚዮሎጂ ያሉ ከፍ ያሉ ኮርሶችን ወስዶ ጥሩ ውጤት ቢያመጣ ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

ዲግሪያቸውን አገር ቤት ላገኙ ወገኖቻችን ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። አምካስ ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ ባለ ዩኒቨርሲቲ የተገኘን ውጤት በስሌቱ ውስጥ አያስገባም፤ ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶችም ዲግሪው እዚህ ተገምግሞ አቻነቱ ቢረጋገጥ እንኳ መሠረታዊዎቹን ኮርሶች እዚሁ መውሰድን ይጠይቃሉ። ስለሆነም ማንም ሰው ለመርሐ ግብሩ ከመክፈሉ በፊት፣ ሊያመለክትባቸው የሚያስባቸውን ትምህርት ቤቶች በጽሑፍ ጠይቆ መልሳቸውን በእጁ ቢይዝ መልካም ነው።

ወጪውም ታስቦ መገባት ያለበት ነው። ዲግሪም ሆነ ሰርተፍኬት ለማያስገኝ የዝግጅት ትምህርት የፌዴራል ብድር የሚፈቀደው ለተከታታይ 12 ወራት ብቻ ሲሆን፣ ሥራ እየሠራ የሚማር ሰው ኮርሶቹን በዚያ ጊዜ መጨረሱ አስቸጋሪ ነው።

በመጨረሻ አዘጋጁን የምለምነው አንድ ነገር አለ። የአሜሪካ የሕክምና ኮሌጆች ማኅበር ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አመልካቾች፣ ስደተኝነታቸው የተረጋገጠላቸውን ጨምሮ፣ ኤምካት የሚባለውን የሕክምና ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና ክፍያ የሚቀንስና የአምካስን ማመልከቻ ክፍያ የሚሸፍን ድጋፍ እንዳለው በሚቀጥለው እትማችሁ ብታሳውቁልን ደስ ይለኛል። ድጋፉን መጠየቅ የሚገባው ለፈተናው ከመመዝገብ በፊት ነው፤ አንዴ የተከፈለ ገንዘብ በዚህ ድጋፍ ምክንያት አይመለስም።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ