ከሥራ ስትመለሺ ለምታበስዪው ክራፓው

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ባለፈው እሑድ በስልክ ስንነጋገር፣ ከሆስፒታል አምሽተሽ ስለምትገቢ ምግብ ለማብሰል አቅም እንደሚያጥርሽና እራትሽን በዳቦና በሻይ እንደምታልፊው ነግረሽኝ ነበር። ነገሩ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ዋሽንግተን በሚገኝ የታይላንድ ምግብ ቤት ዘጠኝ ዓመት በማብሰያው ክፍል የሠራ አባት እያለሽ እንዲህ መሆን የለበትም ብዬ፣ እዚያ ሠራተኞቹ ደንበኛ ከሄደ በኋላ ለራሳቸው የሚሠሩትን ፓድ ክራፓው እጽፍልሻለሁ።

ፓድ ማለት በጋለ መጥበሻ ላይ እያገላበጡ መጥበስ ሲሆን፣ ክራፓው ደግሞ የቅጠሉ ስም ነው። ቅጠሉ የበሶብላችን ዘመድ ሆኖ ቅርንፉድና ቁንዶ በርበሬ የሚመስል ሽታ አለው። ካጣሽው ታዮች ሆራፋ የሚሉትን ግዢ፤ እርሱ ከእኛ በሶብላ ጋር ዝርያው አንድ ነው፤ ጣዕሙ ትንሽ ቢለይም እራትሽን አያበላሽም።

ከሁሉ በፊት ልትረጂልኝ የምፈልገው፣ ይህ ምግብ እንደ ወጣችን እንዳልሆነ ነው። ለወጥ ሽንኩርቱ እስኪበስል ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ነጭ ሽንኩርቱን በመሐል ልትከትፊ፣ ቅመሙንም ልትፈልጊ ትችያለሽ። እዚህ ግን ነጭ ሽንኩርቱ ዘይቱ ውስጥ ከገባ እስኪወጣ አምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ የሶሱን ጠርሙስ ለመክፈት ዞር ያልሽ እንደሆነ ነጭ ሽንኩርቱ አርሮ ይመርራል። እኔም ሥራውን ስጀምር እሳቱን አስቀድሜ እየለኮስኩ ስንት ጊዜ አሳርሬአለሁ። ስለዚህ ሁሉም ነገር ተከትፎና ተለክቶ እጅሽ አጠገብ ሳይቀመጥ እሳት አትለኩሺ።

ስትገቢ፣ ልብስሽን ከመቀየርሽ በፊት፣ ጃስሚን ከሚባለው መዓዛ ያለው የታዮች ሩዝ አንድ ኩባያ አጥበሽ በአንድ ኩባያ ከሩብ ውሃ ጣጂው፤ ሲፈላ እሳቱን ቀንሰሽ ከድኚው። እርሱ እስኪደርስ አምስት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ሦስት ቀያይ የሚጥሚጣ ፍሬ በሙቀጫ ውቀጪ፤ ሻካራ ሆኖ ይቅር እንጂ አይላም። ከዚያ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት በደንብ አግለሽ የተወቀጠውን ጨምሪ፤ ሽታው ሲያውድሽ ወዲያው 300 ግራም የተፈጨ የዶሮ ሥጋ አስከትዪ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱት ሥጋውን ያለ ዕረፍት በማማሰል ነው። መጥበሻው ይቀዘቅዝና ሥጋው ውሃ አውጥቶ ይቀቀላል፤ ስለዚህ ዘርግተሽ ጥቂት ተዪው፣ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን አገላብጪው። ከበሰለ በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ የዓሣ ሶስ፣ ያንኑ ያህል የአኩሪ አተር ሶስና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጨምረሽ፣ እሳቱን አጥፍተሽ አንድ ጭብጥ ቅጠል አግቢበት። ታዮች ኦይስተር ሶስም ያደርጉበታል፤ ከባሕር ቀንድ አውጣ መሰል እንስሳ ስለሚሠራ ቤታችን ገብቶ አያውቅም፣ ሳይኖርም ምግቡ ይጣፍጣል።

እንቁላሉን አትርሺ። በዛ ባለ ትኩስ ዘይት ጠብሰሽ ጠርዙ ሲንኮሻኮሽ፣ አስኳሉ ግን ፈሳሽ እንደሆነ፣ ሩዙ ላይ አድርጊው፤ ሲፈስ የሚጥሚጣውን ቃጠሎ ያለዝበዋል። በጾም ቀን እንቁላሉ ይቀርና በሥጋው ቦታ ቶፉ፣ ማለት ከአኩሪ አተር የሚሠራውን አይብ መሰል ምግብ፣ ውሃውን ጨምቀሽ ፈርፍሪ፣ በዓሣ ሶሱም ፈንታ የአኩሪ አተሩን ጨምሪ።

ቅጠሉን ደግሞ ማቀዝቀዣ ውስጥ አታስገቢ፤ ብርድ ስለማይወድ በማግሥቱ ይጠቁራል። አገዳውን ቆርጠሽ ውሃ ባለበት ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ አቁሚው። ከባድዋን የድንጋይ ሙቀጫዬን ለፋሲካ ስመጣ ይዤልሽ እመጣለሁ፤ እስከዚያ በሰፊ ቢላዋ ጨፍልቀሽ ክተፊው።

አባትሽ